ሽቅብ የምታበራ መኪና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2006

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። አቦ ስለሆነ ባለቤቴ ወለቴ ማልዳ ወጣች፣ ከቅዳሴ በኋላ ተመለሰች። ጉልበቷ አሁንም ያማታል። «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ግን ደረጃው መሃል ቆማ የጎረቤቱን አበባ ታደንቃለች። አበባው ከሞተ ቆይቷል።

መኪናዬን አጠብኩ። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ መስታወት፣ በመጨረሻ ጎማ። የሰፈሩ አጣቢዎች ከጎማ ይጀምሩና በዚያው ጨርቅ መስታወቱን ያብሳሉ። ምክንያቱን ሳስረዳቸው «እሺ ቲቸር» ይላሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ «እሺ ቲቸር» ስሰማ ኖሬያለሁ… ትርጉሙ የሚገባኝ ፈተና ሳርም ነበር።

ለባቡሩ ሲባል ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ያለው መንገድ ተቆፍሯል። መንገዱ ሄዶ ሐሳቡ ብቻ ቀርቷል። ዛሬም መኪናዋ ሆዷን መታች። በከር ድምፁን ሰምቶ መጣ። በከር ጎረቤቴ ነው፤ ተክለ ሃይማኖት የመኪና ዕቃ ይነግዳል። የመኪና ሕመም ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

«ከፍ አስደርጋት እንጂ ገብሬ! ወላሂ፣ በዚህ መንገድ ዝቅ ብሎ የሚሄድ እባብ ብቻ ነው።»

ሁሉም ያስደርጋል። ከሞላው ጫፍ ላይ ወፍራም የላስቲክ ድጋፍ ይገባል፣ መኪናው ከፊትም ከኋላም ቁመት ይጨምራል። የሠሩት ሰዎች ዓመታት አስልተው የወሰኑትን ቁመት እኛ በአንድ ከሰዓት እናሻሽለዋለን። እኔስ ከማን እበልጣለሁ? ነገ ሸዋንግዛው ጋራዥ እወስዳታለሁ።

ሸዋንግዛው ተማሪዬ ነበር። ፊዚክስ። ውጤቱን እዚህ አልጽፍም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

መኪናዋ ከፍ አለች። ባለ ተረከዝ ጫማ የተጫማች ትመስላለች። ወለቴ በሩን ከፍታ ወንበሩን ቀና ብላ አየችው።

«መሰላሉስ?»

«ትለምጂዋለሽ።»

«ጉልበቴ ነው የሚለምደው ወይስ እኔ?»

በየሳምንቱ ለጉልበቷ ሕክምና የምወስዳት በዚህችው መኪና ነው። ሚኒባስ ላይ መጋፋት ከተወች ቆየች።

ሸዋንግዛው በሥራው ረክቷል። «ቲቸር፣ አሁን እንኳን ልደታ፣ ዳሎል ይሂዱባት።» ዳሎል ጉዳይ የለኝም። ዳቦ ቤት ብደርስ ይበቃኛል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የፊት መብራቷ መሬት መሬት ማየት ጀምራ ነበር። በካቻቢቴ አንድ ቡሎን አዞረ፣ ግድግዳው ላይ አብርቶ አሳየኝ። ቀጥ ያለ መስመር፣ ልክ። ይህቺ መኪና መብራቷ ልዩ ነው። ስገዛት ሻጩ ሲምልልኝ፣ «መብራቷ ራሷ ታስባለች። ከኋላ ሰው ሲጫን አፍንጫዋ ሽቅብ ይነሳል አይደል? ያኔ መብራቱን ራሷ ዝቅ ታደርገዋለች» ብሎኝ ነበር። የሚያስብ ነገር በብዛት ስለማላገኝ ደስ ብሎኝ ገዛሁ።


እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዕድራችን መኪና የለውም። ለምን ይኑረው? እኔ አለሁ። ዛሬም የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ሀብተ ማርያምንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን ከኋላ ጭኜ ለቅሶ ደረስን። ሦስቱም ጥሩ በልተው ያደጉ ናቸው።

ስንመለስ ጨልሞ ነበር። ከፊት የሚመጡት መኪኖች በሙሉ መብራታቸውን እያበሩ እያጠፉ ሰላም አሉኝ። ተማሪዎቼ መሆን አለባቸው። ስንቱን አስተምሬ! እጄን አውለበለብኩላቸው። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ጮኸ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«አክብሮት ይመስለኛል» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም ከኋላ።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ጆሯቸው ይከብዳል።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አጭር ልጻፍ።

ዛሬም ከለቅሶ ስንመለስ። ያው ሰዎች። ልደታ ማርያም አጥር ጥግ አንዲት ሻማ ሻጭ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። አላየኋትም። ጭራሽ አላየኋትም። ፍሬን ስረግጥ ጃንጥላዋ ኮፈኑ ላይ ነበር።

እሷ ደህና ናት። አልነካኋትም።

«ዓይን የለህም እንዴ አንተ ሰውዬ!»

ወርጄ የተበተነውን ሻማ አብሬያት ለቀምኩ። እሷ እያየች፣ እኔ እየዳበስኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ቤታችን ችሎት ዋለ። ዳኛዋ፣ ዐቃቤ ሕጓ እና ፖሊሷ ሜክሲኮ ባንክ የምትሠራው ልጄ ትዕግሥት ነበረች። ሦስቱንም በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሠራች። እናቷ አጠገቧ ነበረች፣ ዝም።

«አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«ምክንያት?»

«አባዬ!»

«ምክንያት ጠየቅኩ እንጂ አልከለከልኩም።»

«ዓይንህ ነዋ! ሴትዮዋ ራሷ አልነገረችህም?»

ነግራኛለች። ልጄ ኮሌጅ የተማረች ናት፣ የዓይን ምርመራን ግን ከሻማ ሻጭ ትቀበላለች። ማስረጃ ሲጠየቅ ጋሽ ሀብተ ማርያም በስልክ መሰከሩ፤ «መምህር ነጂነታቸው መልካም ነው፣ ብቻ ሰው አያዩም» አሉ። እንዲህ ያለ ምስክር ለጠላቴ አልመኝም።

ውሳኔው፦ ቁልፉ ትዕግሥት ጋ ይቀመጣል። መኪናዋ ለገና ትሸጣለች።

«እናትሽስ? ሕክምናዋስ?»

«ታክሲ አለ፣ እኔ አለሁ።»

ታክሲ መኖሩን አውቃለሁ። እሷ ግን እስከ ማታ ባንክ ነች። ትዕግሥት ከሄደች በኋላ እንኳ ወለቴ አንዲት ቃል አልወጣትም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ጠየቅኩ፤ የተሰጠኝ ጥር መጨረሻ ነው። መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ ማለት ነው። በጣም ጥሩ። ከተሰቀልኩ በኋላ ምርመራው ይቀጥላል።

እውነት ዓይኔ ይሆን? …ሊሆን ይችላል። ግን «ሊሆን ይችላል» መልስ አይደለም። በፈተና ወረቀት ላይ ዜሮ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ትዕግሥትን ለምኜ መኪናዋን ሸዋንግዛው ጋ አስወሰድኳት። ቁልፉ አሁን ከሞግዚት ጋር ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሸዋንግዛው መብራቱን ግድግዳው ላይ አበራ። መስመሩ ልክ ነው። እኔም አየሁ፣ ልክ ነው።

«መኪናዋ ንጹሕ ናት ቲቸር። መብራቷ እንኳን ለእርስዎ፣ ለሠርግ ታበራለች። ያው… ዕድሜ ደግሞ…»

«ዕድሜ ምን?»

«ያው…»

«ያው» ሲል ዓይኔን እያየ ነበር። ትዕግሥት ወደ ውጭ ዞረች፣ እንዳላዝን። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሲጮሁብኝ እመልስ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሌሊቱን ሳሰላስል አንድ ጥያቄ ገባችኝ። ሁለቱን ጊዜዎች ምን ይለያቸዋል? ጋራዡ ውስጥ መብራቱ ልክ ነበር። ልደታ ማርያም አጥር ጥግ መንገዱ አልታየኝም። ያው መብራት፣ ያው ዓይን። ያልነበረው ምንድን ነው?

ጋሽ ሀብተ ማርያም!

ጋራዡ መኪናዋን ባዶዋን ነው የፈተነው። የትኛውም ጋራዥ እንዲሁ ነው የሚፈትነው። ሽማግሌ ጭኖ መብራት የሚፈትን አይቼ አላውቅም።

ሲመሽ ከትዕግሥት ጋር መኪናዋን በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ከዝቅተኛው የግንብ አጥር ፊት አቆምናት። ሜዳ መሬት፣ ጎማዎቹ እኩል ነፋስ የያዙ። ባዶዋን አበራሁና መብራቱ የሚያልቅበትን መስመር ግንቡ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ሸክም ጠራሁ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ በከርም ሊያይ መጣና ከፊት ገባ።

«ለምንድን ነው የምንቀመጠው?» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

«ለሳይንስ።»

«ለማን?»

«ለሳይንስ!»

«ነፍሱን ይማር» አሉና ገቡ።

በሩ ተዘጋ። መስመሩ ተነሳ። ይሄ ይጠበቃል፤ ኋላዋ ሲጫን አፍንጫዋ ይነሳል። ከዚያ ከመብራቱ ውስጥ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የምታስበው ክፍል መሥራት ጀመረች። አሁን ዝቅ ታደርገዋለች ብዬ ጠመኔዬን ይዤ ጠበቅኩ።

ጭራሽ ከፍ አደረገችው! ከምልክቴ በላይ፣ ከግንቡ በላይ፣ ማዶ ያለው ብሎክ አንደኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ማነው መብራት የሚያበራብን! ራቁቴን ብሆንስ!» የሚል ጩኸት ከማዶ መጣ።

«ልብሱ እንደሆነ እዚህ ነው» አለ በከር።

ትዕግሥት አልሳቀችም። ግንቡ ላይ ያለውን የጠመኔ መስመር ታያለች፣ ልብሱን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

እነዚያ ሰላም ያሉኝ ተማሪዎቼ… ሰላምታ አልነበረም ማለት ነው። የጮኸውስ ምን ብሎ ይሆን? ደግነቱ አልሰማሁትም።


እሑድ፣ ኅዳር 15

አንድ ሙከራ ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ ደገምኩ። ያው ግንብ፣ ያው ሽማግሌዎች። (ጋሽ ሀብተ ማርያም «ዛሬስ የማን ተዝካር ነው?» ብለው ጠየቁ።)

በከር መብራቶቹን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ትናንሽ ሞተሮች ሶኬት ነቀለ። ሰው ጫንን። መስመሩ ጥቂት ተነሳ፣ ቆመ። ሰው አወረድን፣ ሶኬቱን መለስን፣ እንደገና ጫንን። ጥቂት ተነሳ፣ «ዝዝዝ»፣ ከዚያ ሌላ ያን ያህል ጨምሮ ተነሳ።

ስለዚህ ሞተሩ ደህና ነው። ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ በትጋት። የሚሳሳተው የሚሠራውን ሥራ ነው። መቀነስ ባለበት ይደምራል።

ይህን ስህተት የት ነው የማውቀው? … አንድ የድሮ የፈተና ወረቀት ትዝ አለኝ። የባለቤቱም ስም ከላይ ተጽፎ ነበር።


ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሸዋንግዛው ጋራዥ። ካርቶን አንጥፌ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። «ቲቸር፣ ኧረ ልብስዎ! ኧረ እኔ ልግባ!» አለ። ይግባ፣ ግን ከእኔ አጠገብ።

ከኋላው እግር አጠገብ ጣት የምታህል ዘንግ አለች። አንድ ጫፏ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር፣ ሌላው ጫፏ አካሉ ላይ ከተገጠመች ሴንሰር ጋር ይያያዛል። ኋላዋ ሲወርድ ዘንጓ የሴንሰሩን እጅ ትገፋለች፤ ሴንሰሩ «ተጭነናል» ብሎ ይናገራል፣ መብራቱ ዝቅ ይላል። ይኸው ነው የሚያስበው። የእኛ ሴንሰር እጅ ግን ወደ ላይ ማየት ሲገባው ወደ ታች ያያል።

«ሸዋንግዛው፣ ይሄ ነገር ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር?»

«አይ… መኪናዋን ከፍ ስናደርግ ዘንጓ አልደርስ አለች ቲቸር። ስለዚህ ገልብጬ አሰርኳት።»

«ገልብጠህ?»

«አሰርኳት። ደረሰች እኮ!»

ደረሰች። ምን ይባላል? ከሥር ተኝቼ ሳቄ መጣ። ሽማግሌ ሲጫን የሴንሰሩ እጅ የሚነግራት «ተነሳን» እያለ ነው። እሷም ታዛዥ ናት፣ መብራቱን ታነሳለች። ባዶዋን ስትሆን ደግሞ «ተጭነናል» ይላታል፤ ለዚህ ነው ያኔ መሬት መሬት ያየችው። ሸዋንግዛውም በካቻቢቴው ቀና አደረገላት። አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት አርሞ፣ ግድግዳ ላይ ልክ አስመስሎ ሰጠኝ። ይህንንም ዘዴ ከድሮ ወረቀቱ አውቀዋለሁ፤ መልሱ ትክክል፣ መንገዱ ሁሉ ስህተት።

«አሁኑኑ ላስተካክላት።»

«አትንካት። እስከ ማታ አትንካት።»

ገና አንድ ነገር ይቀራል። መኪናው እንዳለ ይሁን፣ ሹፌሩ ይቀየር።

ሲመሽ ትዕግሥት መሪ ያዘች። ዓይኗ ወጣት ነው፤ ከሜክሲኮ አደባባይ ማዶ የጫማ ዋጋ ታነባለች። ከኋላ ሽማግሌዎቹ፣ ከፊት እኔ። ከግቢው ወጥታ ወደ ተቆፈረው መንገድ ታጠፈች፣ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች።

«አባዬ… መንገዱ የታለ?»

«ምን ይታይሻል?»

«ምሰሶ። ሽቦ። ዛፍ።» ወደ መሪው ጎንበስ አለች። «ወፏን እንኳ አያታለሁ። መሬቱን ግን…»

ከፊት የመጣው መኪና አብለጨለጨባት፣ ሹፌሩም አንገቱን አውጥቶ ስለ እናቷ የሆነ ነገር ተናገረ። እናቷን አያውቃትም።

«አክብሮት ነው» አልኳት።

ቁልፉን ነቅላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፣ አልቻለችም፤ ጠባይዋ የአባቷ ነው።


ሐሙስ፣ ኅዳር 19

በከር ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለ ብረት ሠራተኛ ጋ ሄዶ ረዘም ያለች ዘንግ አሠራ። የሴንሰሯ እጅ እንደ ቀድሞው ወደ ላይ ዞረ፣ የዞረውም ቡሎን ወደ ቦታው ተመለሰ። ሸዋንግዛው አንዲት ቃል ሳይናገር ሠራ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ጸጥታው ይመስለኛል።

ግቢ ውስጥ ፈተንናት። ባዶ፦ መስመሩ ምልክቱ ላይ። ሽማግሌዎች ገቡ፦ መስመሩ ተነሳ፣ «ዝዝዝ»፣ ተመልሶ ምልክቱ ላይ ቁጭ አለ። ወረዱ፦ ዝቅ አለ፣ «ዝዝዝ»፣ ምልክቱ ላይ። ከማዶ ብሎክ ጩኸት አልመጣም።

ትዕግሥት ስልኳን አውጥታ መኪናዋን ሊገዛ ለነበረው ሰው ደወለች። «አንሸጥም» አለችው። ወለቴም ደረጃው ላይ ሆና እልል አለች። ሙሉ ደረጃውን አበባ ሳታደንቅ ወረደች።

አሸነፍኩ። ልተኛ።


ዓርብ፣ ኅዳር 20

አልተኛሁም።

የቱን ነው ያረጋገጥኩት? የተበላሸ መኪና፣ ደህና ሹፌር፦ አይታይም። ስለዚህ መኪናው ብልሹ ነበር። ይሄ ተረጋግጧል። ስለ ሽማግሌው ሹፌር ግን ምን አወቅን? ምንም። የተስተካከለ መኪና፣ ያው ሽማግሌ… ይህ ሳጥን ባዶ ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪውስ?» ብዬ እመልስለት ነበር።

ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ዝም ማለትም ይቻላል።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ከኮንዶሚኒየሙ በስተጀርባ ያለው መንገድ ሲመሽ መኪና አይበዛበትም። ሁሉንም አወጣኋቸው። «የመጨረሻ ፈተና ነው» አልኩ። ሸዋንግዛውም ለሥራው ዋስ ልሁን ብሎ መጣ፤ የሴንሰሩን ነገር ልፈትን መስሎታል።

ደንቡ ቀላል ነው። በከር ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከመንገዱ ዳር ይቆማል። ሹፌሩ በዝግታ ይመጣል፣ በከርን ሲያየው «አየሁ» ይልና ይቆማል።

«እኔስ ማንን ነው የማየው?» አለ በከር።

«መኪናውን።»

«እሱንስ አይቼዋለሁ፣ ኢንሻአላህ እሱም ያየኛል።»

መጀመሪያ ትዕግሥት ነዳች። ገና ከመታጠፊያው ወጥታ ሳትጨርስ፣ «አየሁ!» አለች። በከር ከሩቅ እጁን አውለበለበ።

ቀጥሎ እኔ። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ሽማግሌዎች ከኋላ። መንገዱ ታየኝ። እውነት ለመናገር ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ድንጋዩ፣ ጉድጓዱ። ደስ አለኝ። በከርን ፈለግኩ። ሄድኩ… ፈለግኩ… ሄድኩ…

«ያ አላህ! ገብሬ!»

በከር ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ዘለለ። ሲዘል ነው ያየሁት። ቆሞ ሳለ አላየሁትም።

ከመኪናው ወርጄ እጁን ይዤ አወጣሁት። ሱሪው በጭቃ ተለውሷል። እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ። አልሰደበኝም።

«ኮቴ ነው» አለ፣ እያራገፈ። «ወላሂ ኮቴ ነው፣ በጣም ጥቁር ነው።»

«ለትዕግሥትም ያው ኮት ነበር» አልኩ።

«ያኔ ቆሜ የነበረው ትንሽ ወደዚህ ነበር።»

«አልነበረም።»

ሸዋንግዛው ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። «ቲቸር፣ መብራቱን በጣም ዝቅ አድርጌዋለሁ መሰለኝ። ትንሽ ላንሳው?»

«መብራቱ ልክ ነው።»

«አባዬ፣ እኔም እኮ በደንብ አላየሁትም ነበር፣ ገምቼ ነው…»

«ገምተሽ አይደለም ትዕግሥት። አይተሽው ነው።»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ከኋላ መስኮት ብቅ ብለው፣ «ሰው ቦይ ውስጥ ገባ እንዴ? መንገዱ ነው ጥፋተኛው!» አሉ።

ጉድ ነው። ሰሞኑን ሁሉም ዓይኔን ሲከሱ መኪናዋን የከሰስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ሁሉም መኪናዋን፣ ኮቱን፣ መንገዱን ሲከሱ ዓይኔን የምከስ እኔው ብቻ ሆንኩ። አንድ ቀን እንኳ ከብዙኃኑ ጋር መስማማት አልታደልኩም።

እንድገመው አልኩ። ማንም ዳር ለመቆም ፈቃደኛ አልነበረም። ይህም ራሱ ውጤት ነው።

ቁልፉን ለትዕግሥት ሰጠኋት። አልቀበል አለች። ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩትና ከጎን ያለውን በር ከፍቼ ገባሁ። ከዚህኛው በኩል ሲወጡባት በእርግጥ መሰላል ያስፈልጋታል።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

በከር ተሯሩጦ ከአንድ የግል ክሊኒክ ቶሎ ቀጠሮ አስያዘልኝ። የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም፣ የግራው የባሰ። በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ብዙም አይከብድም አሉ። ከገና በኋላ ይሠራሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዛሬ የመጣ አይደለም። ለምን ቀደም ብለው አልመጡም?»

«መኪናዬን እየመረመርኩ ነበር።»

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

ወለቴን ማታ ጠየቅኳት፦ «ዓይኔ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ስትጨምር አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷ ትናገር ነበር፣ አንተ ትናገር ነበር… ተራ መች ደረሰኝ?»

ጨው… እኔ ግን ጋራዥ ውስጥ ካርቶን አንጥፌ ሴንሰር ስፈልግ ነበር።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ቀን ቀን እኔ እነዳለሁ፤ ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ወለቴንም ሕክምናዋ አድርሻታለሁ። ሲመሽ ትዕግሥት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የምከራከረው የለኝም። ያሳዝናል።

ዛሬ ሲመሽ ከሜክሲኮ ስንመለስ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። መብራቷ ልክ ናት፣ መንገዱ ላይ ተነጥፋለች። ትዕግሥት ግን በየጥቂቱ ፍሬን ትይዛለች። መጀመሪያ የአነዳድ ጉድለት መስሎኝ ላርማት ነበር።

«ምነው?»

«ሰው ነው።»

ጥቂት ሄድን። ደግሞ ቀነሰች።

«አሁንስ?»

«ሰው።»

ደግሞ።

«ሰው ነው አባዬ። ከእነልጇ።»

ወደምታይበት አየሁ። የሚታየኝ ጨለማ ነው። ሲጠጉን ብቻ አንድ እግር፣ አንድ ፌስታል፣ አንድ ነጠላ ጫፍ። ከዚያ ያልፋሉ።

«አላየኋቸውም» አልኩ። ድምፄን አውጥቼ። በመኪናዬ ውስጥ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ትዕግሥትም ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቃት ትነግረኝ ጀመር፤ «ሰው… ሁለት ሰው… ሽማግሌ…»

ቤት እስክንደርስ ድረስ እንዲሁ። ይህ ሁሉ ሰው! እኔ እኮ ይህን መንገድ ማታ ማታ ባዶ ነው እል ነበር። ከመሸ መንዳት የምወደውም ለዚህ ነበር፣ ሰው አይበዛም እያልኩ።

ስንቶቹ ይሆኑ፣ እኔ ሳላያቸው አይተውኝ ወደ ጎን የዘለሉት?